ብዙ ሰው ስለማያውቀው ዜማና ስለ ሰው ጠባይ

አባቶቻችን «ካነጋገር ይፈረዳል፤ ካያያዝ ይቀደዳል» ሲሉ የሰው ጠባይ ከአፉ በሚወጣው ቃል እንደሚታወቅ ማስተማራቸው ነው። ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ሰው በአደባባይ ሲናገር ቃሉን መርጦ፥ ሰሚውን አይቶ፥ የሚጠቅመውንና የሚጎዳውን መዝኖ ስለ ሆነ፥ ንግግሩ ብቻውን የልቡን ሁሉ አያሳይም። ከንግግር ይልቅ ጠለቅ ብሎ ጠባይን የሚገልጥ ሌላ ነገር አለ፤ እርሱም ዜማ ነው። ዜማ ስል ደግሞ በአዳራሽ የሚጨበጨብለትን፥ ሕፃንና ሽማግሌ በቃሉ የሚያውቀውን ማለቴ አይደለም። ሰው ብቻውን ሲሆን የሚያንጎራጉረውን፥ ወይም አንድ ደራሲ ደክሞበት ሳለ ብዙ ሰው ሳይሰማው የቀረውን ዜማ ማለቴ ነው።

ቋንቋችን ይህን ልዩነት ጠንቅቆ ያውቀዋል። ለምስጋና መዝሙር፥ ለሠርግና ለጨዋታ ዘፈን፥ ለጦር ሜዳ ፉከራና ቀረርቶ፥ ለኀዘን ሙሾ አለን። እነዚህ ሁሉ ሰሚና ተቀባይ የሚሹ ናቸው። ያለ ሰሚ የሚፎክር ጀግና፥ ያለ አልቃሽ የሚወርድ ሙሾ የለም። ከእነዚህ ሁሉ ተለይቶ የሚቆም አንድ ስም ግን አለ፤ ይኸውም እንጉርጉሮ ነው። እንጉርጉሮ ሰሚ አይፈልግም። እናት እህል ስትፈጭ፥ እረኛ ከብቱን ሲያግድ፥ መንገደኛ ብቻውን አቀበት ሲወጣ ከደረቱ የሚወጣ ነው። ሰው ሲመጣም ያንጎራጉር የነበረው ሰው ብዙ ጊዜ ዝም ይላል። ዝም ማለቱ ራሱ ያ ዜማ ለሌላ እንዳልተዘጋጀ ምስክር ነው።

እኔ የተማርሁት በሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው። በዚያ ለእያንዳንዱ ተማሪ መዝሙር መጽሐፍ ይሰጠን ነበር። መጽሐፉ በየዓመቱ ከአንዱ ተማሪ ወደ ሌላው ይተላለፍ ስለ ነበረ፥ አንዳንዶቹ ገጾች በጣት ብዛት ጠቁረውና ጫፋቸው ተልጦ ነበር፤ ሌሎቹ ግን ከማተሚያ ቤት እንደ ወጡ ነጭ ሆነው ቆይተዋል። የጠቆሩት ሁልጊዜ የምንዘምራቸው ሃያ ወይም ሠላሳ መዝሙሮች ነበሩ። ማታ በፋኖስ ብርሃን ጥናታችንን ስንጨርስ እኔ ነጮቹን ገጾች ማንበብ ለመድሁ። በኋላም መምህር በሆንሁ ጊዜ ይህ ልማድ አልተወኝም። የአንድን ሰው ስም በሰማሁ ቁጥር፥ ከታወቀለት ሥራው ይልቅ ያልታወቀለት ምን እንደ ሆነ መጠየቅ ጀመርሁ። ከዚህ በታች የሦስት ሰዎችን ታሪክ አቀርባለሁ። ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።

መጀመሪያ የማነሣው እንግሊዛዊው ጆን ኒውተን ነው። ይህ ሰው በ1725 ለንደን ውስጥ ተወለደ። አባቱ የንግድ መርከብ አዛዥ ነበረ። እናቱ ሰባት ዓመት ሳይሞላው ሞተችበት፤ በ11 ዓመቱም ከአባቱ ጋር ባሕር ላይ ወጣ። በ1744 በግድ ተይዞ በጦር መርከብ እንዲያገለግል ተደረገ፤ ሊኮበልል ሞክሮም ተይዞ ተገረፈ። ከዚያ በኋላ በምዕራብ አፍሪካ ዳርቻ ባሪያ ከሚነግዱ ሰዎች ጋር ተቀላቀለ። በማርች ወር 1748 የተሳፈረባት መርከብ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ በማዕበል ተመትታ ልትሰጥም በደረሰች ጊዜ ወደ እግዚአብሔር ጮኸ፤ ያንንም ቀን እስከ ዕድሜው ፍጻሜ ድረስ እያሰበ አከበረው። በ1764 ቅስና ተቀብሎ ኦልኒ በምትባል ትንሽ ከተማ አገልጋይ ሆነ።

ለጃንዋሪ 1 ቀን 1773 ስብከት የጻፈው፥ ስለ አስደናቂው የእግዚአብሔር ጸጋ የሚናገረው መዝሙር ዛሬ በዓለም ሁሉ ይዘመራል። ነገር ግን አንባቢ ሆይ፥ ይህን ልብ በል። ዛሬ የምንሰማው የዚህ መዝሙር ዜማ ኒውተን ያወጣው አይደለም፤ ቃሉና ዜማው በአሜሪካ አገር በአንድ መጽሐፍ የተጋጠሙት በ1835፥ እርሱ ከሞተ ከ28 ዓመት በኋላ ነው። ብዙ ጊዜ በመጨረሻ የሚዘመረው፥ ስለ አሥር ሺህ ዓመት የሚናገረው አንቀጽም የሌላ ሰው እንጂ የእርሱ አይደለም። እንግዲህ ያ ታላቅ መዝሙር ብዙ እጅ የነካው የሕዝብ ገንዘብ ሆኗል። ኒውተንን በእርሱ ብቻ ልናውቀው ብንፈልግ፥ ብዙ ሰው የተረማመደበት መንገድ ላይ የአንዱን ሰው ዱካ እንደ መፈለግ ይሆንብናል።

የእርሱን ዱካ የምናገኘው በነጮቹ ገጾች ላይ ነው። ኒውተንና ወዳጁ ባለ ቅኔው ዊሊያም ኩፐር በ1779 አንድ መጽሐፍ አሳተሙ። በውስጡ 348 መዝሙሮች ነበሩ፤ ከእነዚህም 280 የሚያህሉት የኒውተን ናቸው። ርእሶቻቸውን ስንመለከት እንገረማለን። አንዱ ጁላይ 30 ቀን 1776 ስለ ታየው የጨረቃ ግርዶሽ፥ አንዱ ሴፕቴምበር 22 ቀን 1777 በኦልኒ ስለ ተነሣው የእሳት ቃጠሎ ነው። ስለ በረዶ መቅለጥ፥ ስለ ማግኔት፥ ስለ ሸረሪትና ስለ ንብ፥ ስለ ተገራ አንበሳ፥ ስለ ሕልም የጻፋቸውም አሉ። ኦልኒ ዳንቴል እየሠሩ በችግር የሚኖሩ ድሆች የበዙባት ከተማ ነበረች። ኒውተን ለእነዚህ ሰዎች የሚጽፈው በዐይናቸው ካዩት፥ በሳምንቱ ውስጥ ከደረሰባቸው ነገር ተነሥቶ ነበር። ከእነዚህ መዝሙሮች ጥቂቶቹ ብቻ ከዚያች ከተማ ወጡ። ይሁን እንጂ ሰውየውን የሚያሳዩን እነርሱ ናቸው። የመርከበኛ ዐይኑን፥ ሰማይንና ነፋስን መከታተል የለመደውን ልቡን፥ በተማሩ ሰዎች ዘንድ ከመመስገን ይልቅ ድሀው እንዲገባው መሻቱን እናይባቸዋለን። በመጽሐፉም መቅድም ላይ ሥራው የዘገየው በወዳጁ በኩፐር ሕመም ምክንያት እንደ ሆነ፥ መጽሐፉም የወዳጅነታቸው መታሰቢያ እንዲሆን መፈለጉን ገልጧል። ታማኝ ወዳጅ ነበረ ማለት ነው።

ነገር ግን እዚህ ላይ ብናቆም እውነቱን በግማሽ መናገር ይሆናል። ኒውተን ከማዕበሉ ድኖ ከጸለየ በኋላ ባሪያ መነገዱን አልተወም። ከ1750 እስከ 1754 ድረስ ሦስት ጊዜ የባሪያ መርከብ አዛዥ ሆኖ ወደ አፍሪካ ተጓዘ። ሥራውንም የተወው ሕሊናው ወቅሶት ሳይሆን በ1754 ድንገተኛ ሕመም ስለ ጣለው ነበር። እንዲያውም በ1764 ባሳተመው የሕይወቱ ታሪክ፥ በእነዚያ ጉዞዎች ላይ ከአምላኩ ጋር ጣፋጭ የጸሎት ጊዜ እንደ ነበረው ጽፏል። እርሱ በመርከቡ ላይ ሲጸልይ ከበታቹ የታሰሩት የአፍሪካ ልጆች በሰንሰለት ይቃትቱ ነበር። እነሆ፥ 348 መዝሙሮች በያዘው መጽሐፍ ርእሶች መካከል ስለ ግርዶሽና ስለ ሸረሪት አለ፤ ስለ ባሪያ ንግድ ኀጢአት ግን አንድም ርእስ የለም። የሰውን ጠባይ የሚገልጠው ያዜመው ብቻ አይደለም፤ ሳያዜመው የዘለለውም ይገልጠዋል።

ኒውተን ስለዚህ ንግድ በግልጽ የጻፈው በ1788፥ 63 ዓመት ሊሞላው በተቃረበበት ጊዜ ነው። ያን ጊዜ ግን አልሸሸገም። በገዛ ዐይኑ ያየውን፥ በገዛ እጁ ያደረገውንም ጻፈ፤ ኑዛዜው እንደ ዘገየም አመነ። በእንግሊዝ ምክር ቤት ፊት ቀርቦ መሰከረ። የባሪያ ንግድ እንዲቀር ለብዙ ዓመት የታገለውን ዊልበርፎርስንም በምክሩ አጽናና። ንግዱ በሕግ የተከለከለው በማርች 1807 ሲሆን፥ ኒውተንም በዚያው ዓመት በዲሴምበር ወር ሞተ። እንግዲህ የታወቀው መዝሙር አንድ ኀጢአተኛ ምሕረት እንዳገኘ ይነግረናል። ያልታወቁት መዝሙሮች፥ በመካከላቸውም ያለው ዝምታ፥ ምሕረት ያገኘው ሰው ልቡ ሁሉ እስኪነቃ ምን ያህል ዘመን እንደ ፈጀበት ይነግሩናል። ለትምህርታችን ይህ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ያላነሰ ይጠቅመናል።

ሁለተኛው የኦስትሪያው ሰው ፍራንዝ ሹበርት ነው። በ1797 በቪየና ዳርቻ ተወለደ። አባቱ የትምህርት ቤት መምህር ነበረ፤ እርሱም በወጣትነቱ በአባቱ ትምህርት ቤት ሕፃናትን አስተምሯል። በ31 ዓመት ዕድሜው ብቻ ከ600 በላይ መዝሙሮችንና ዘፈኖችን ደርሶ አለፈ። ከእነዚህ ሁሉ ዓለም በይበልጥ የሚያውቀው በ1825 የደረሰውን፥ «አቬ ማሪያ» ተብሎ የሚጠራውን ነው። ይህ ዜማ ብዙ ሰው ለቤተ ክርስቲያን የተሠራ ይመስለዋል። እውነቱ ግን ስኮትላንዳዊው ዋልተር ስኮት በግጥም ከጻፈው ታሪክ ውስጥ አንዲት ልጅ የምትጸልየው ጸሎት ነው። ዛሬ በሠርግና በቀብር ላይ የሹበርት ዜማ እንዳለ ሆኖ የላቲን ጸሎት ቃል ይገባበታል። ይህም እንደ ኒውተን መዝሙር ከባለቤቱ እጅ ወጥቶ የሁሉ ሆኗል።

በ1827 ሹበርት የባለ ቅኔው የቪልሄልም ሙለርን ግጥም ይዞ፥ በክረምት ስለሚደረግ ጉዞ የሚናገሩ 24 ዘፈኖች ደረሰ። አንድ ፍቅር የከዳው ወጣት በሌሊት ከከተማ ወጥቶ በበረዶ ላይ ብቻውን ይሄዳል፤ ታሪኩ ይህ ነው። ወዳጁ ዮሴፍ ፎን ስፓውን በኋላ እንደ ጻፈው፥ ሹበርት ጓደኞቹን ጠርቶ እነዚህን ዘፈኖች ራሱ ዘፈነላቸው። ጓደኞቹ በኀዘኑ ብዛት ደነገጡ። ከመካከላቸው ሾበር የሚባለው አንዱ ብቻ ደስ እንዳሰኘው፥ እርሱም ስለ ዛፏ የሚናገረው እንደ ሆነ ተናገረ። ሹበርት ግን ከሌሎቹ ዘፈኖች ሁሉ አብልጦ እነዚህን እንደሚወድ፥ እነርሱም አንድ ቀን እንደሚወዷቸው መለሰላቸው። አልተቀየመም፤ አልተከራከረም፤ ዘፈኖቹንም አልቀየረም። ያ ስለ ዛፏ የሚናገረው ዘፈን በኋላ ሌላ ሰው ለመዘምራን አቅልሎ አዘጋጅቶት፥ የደራሲውን ስም የማያውቅ የጀርመን ገበሬ እንኳ የሚዘፍነው ሆነ።

ሹበርት በጓደኞቹ ዘንድ የታወቀው ማታ ማታ ፒያኖ እየመታ በሚያስጨፍር ደስተኛ ወጣትነቱ ነበር። ከ1822 መጨረሻ ጀምሮ ግን ጽኑ ሕመም ይዞት ነበር። ከ24ቱ ዘፈኖች የመጨረሻው በመንደር ዳር ቆሞ የመሣሪያ እጀታ እያዞረ ስለሚጫወት ሽማግሌ የሚናገር ነው። ሽማግሌው ባዶ እግሩን በበረዶ ላይ ቆሟል፤ የምጽዋት ሳሕኑ ባዶ ነው፤ ውሾች ያጉረመርሙበታል፤ ዞር ብሎ የሚያየው ሰው የለም፤ እርሱ ግን መጫወቱን አያቋርጥም። በአገራችን ገበያ ዳር ማሲንቆውን ይዞ የቆመ፥ ሸላሚ ያጣ አዝማሪ ያየ ሰው ይህን ሥዕል ለመረዳት አይቸገርም። ግጥሙን የጻፈው ሌላ ሰው ቢሆንም፥ መርጦ ዜማ የሰጠው ሹበርት ነው። በኖቬምበር 1828 በሞት አልጋው ላይ ሆኖ ያርመው የነበረውም የእነዚሁ ዘፈኖች ሁለተኛ ክፍል ነበረ። ደስተኛ የተባለው ሰው ውስጡ ምን እንደ ነበረ የሚያሳዩን፥ ከጓደኞቹ ጭብጨባ ያጡት ዘፈኖች ናቸው። የሚያሳዩን ግን ኀዘኑን ብቻ አይደለም። ሰሚ ባይኖርም ሥራን አለማቋረጥ የሚባለውን ታላቅ ጠባይ ያሳዩናል።

ሦስተኛዋ የገዛ አገራችን ልጅ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ናቸው። በ1923 አዲስ አበባ ተወለዱ፤ የልጅነት ስማቸው የውብዳር ነበረ። አባታቸው ከንቲባ ገብሩ ደስታ በልጅነታቸው ከሚሲዮናውያን ዘንድ የተማሩና በዘመናቸው የታወቁ ሰው ነበሩ። የውብዳር በስድስት ዓመታቸው ከእኅታቸው ከስንዱ ገብሩ ጋር ለትምህርት ወደ ስዊስ አገር ተላኩ፤ በዚያም ሙዚቃ ተማሩ። ከተመለሱ በኋላ በ1937 የኢጣልያ ወራሪ ከቤተሰባቸው ጋር አግዞ ወደ አዚናራ ደሴት፥ ከዚያም በናፖሊ አጠገብ ወዳለ ስፍራ ወሰዳቸው። ከነጻነት በኋላ ካይሮ ሄደው ኮንቶሮቪች ከሚባል የፖላንድ ተወላጅ የቫዮሊን መምህር ተማሩ። ሙዚቃ በእንግሊዝ አገር እንዲማሩ ዕድል ተገኝቶላቸው ሳለ ፈቃድ አጥተው ቀሩ። ከዚህ ኀዘን በኋላ ዓለምን ትተው ወደ ግሸን ማርያም ወጡና መነኰሱ፤ ባዶ እግራቸውንም ሆነው ብዙ ዓመት በዚያ ኖሩ።

ኋላም በጎንደር ሳሉ፥ የቅዱስ ያሬድን ዜማ ሊማሩ የመጡ የቆሎ ተማሪዎች በየደጁ ሲያድሩ አይተው ልባቸው ተነካ። በ1960ዎቹ ዓመታት ጀርመን አገር በታተሙት ሸክላዎቻቸው የሚገኘውን ገንዘብም ለድሆች አዋሉት። በ2006 እነዚህ የፒያኖ ሥራዎች በፈረንሳይ አገር ተሰብስበው እንደ ገና ታተሙ፤ ከዚያ በኋላ ስማቸው በዓለም ተሰማ። የፒያኖ ድምፃቸው በውጭ አገር ፊልሞች ውስጥ ገባ፤ ለምሳሌ በ2021 በወጣ አንድ የአሜሪካ ፊልም ውስጥ ይሰማል። ሰዎችም «ፒያኖ የምትመታው መነኵሲት» እያሉ ይደነቁባቸው ጀመር። ይህ አድናቆት መልካም ነው። ነገር ግን የሚደነቀው ብዙ ጊዜ እንግዳነቱ እንጂ ሰውየዋ አልነበሩም። ያ የታወቀው ሥራ ቃል የሌለው ስለ ሆነ፥ ሁሉም የራሱን ስሜት ሊያፈስበት ይችላል።

እማሆይ ግን ቃል ያላቸውም ዜማዎች ነበሯቸው። ከ1977 ጀምሮ በነበሩት ዓመታት፥ አገራችን በመከራ ላይ ሳለች፥ አዲስ አበባ በነበረው የቤተሰባቸው ቤት ብቻቸውን ፒያኖ ፊት ተቀምጠው በራሳቸው ድምፅ በአማርኛ እየዘመሩ በካሴት ይቀርጹ ነበር። የሚዘምሩት ስለ ሀገር፥ ስለ መለየት፥ ስለ ስደት፥ በሰማይ ላይ ስለሚሄድ ደመና ነበር። አዳራሽ የለም፤ አጃቢ የለም፤ ጭብጨባ የለም። በ1984 ወደ ኢየሩሳሌም ሄደው በኢትዮጵያ ገዳም ኖሩ፤ በዚያም በማርች 26 ቀን 2023 በ99 ዓመታቸው ዐረፉ። እነዚያ የካሴት ዜማዎች በሸክላ ታትመው የወጡት በ2024፥ ካረፉ በኋላ ነው።

እነዚህን ዜማዎች የሰማ ሰው ሌላ እማሆይን ያገኛል። በአውሮፓ ተምረው፥ ጣታቸው በፒያኖ ላይ የሚሮጥ ባለሙያ ሳሉ፥ በዚህ ላይ ግን ድምፃቸው ቀጭንና ዝግ ያለ ነው፤ ችሎታቸውን ለማሳየት አይደክሙም። ዓለምን የተዉ መነኵሲት ናቸው፤ ይሁን እንጂ ሀገራቸውን ከልባቸው አልተዉም። በስድስት ዓመታቸው ከቤት የተለዩ፥ በ13 ዓመታቸው የተጋዙ፥ በወጣትነታቸው የተመኙትን ያጡ ሰው ናቸው። በዜማዎቻቸው ውስጥ ግን በማንም ላይ የተነሣ የበቀል ቃል አይሰማም፤ የሚሰማው ናፍቆትና ጸሎት ነው። ቃል የሌለው ፒያኖ ሊቅነታቸውን ነገረን፤ በካሴት የቀረው እንጉርጉሮ ደግሞ ልባቸውን ነገረን።

ከሦስቱ ታሪክ ምን እንማራለን? ያልታወቀ ዜማ ከታወቀው ይልቅ ጠባይን የሚገልጥበት ምክንያት ሦስት ይመስለኛል። አንደኛ፥ የታወቀው ዜማ በብዙ እጅ ያልፋል፤ አንዱ ቃሉን፥ ሌላው ዜማውን፥ ሌላው ምክንያቱን ይለውጥበታል። ያልታወቀው ግን ባለቤቱ እንዳስቀመጠው ይቆያል። ሁለተኛ፥ ሕዝብ አንድን ዜማ መርጦ ሲያነሣው የራሱን ስሜት አግኝቶበት ነው፤ ስለዚህ የታወቀ ዜማ ከደራሲው ይልቅ ሰሚውን ያሳያል። የሹበርት ጓደኛ ዛፏን ሲመርጥ የገለጠው የሹበርትን ልብ ሳይሆን የራሱን ነበር። ሦስተኛ፥ ምስጋና የማያስገኝ ሥራ የሚሠራው ከልብ ግፊት ብቻ ነው። ሰው ማንም ሳያየው የሚሰጠው ምጽዋት እውነተኛ ምጽዋት እንደ ሆነ፥ ማንም ሳይሰማው የሚያዜመውም እውነተኛ ዜማው ነው።

ይሁን እንጂ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ኀዘንተኛ ዜማ ያዜመ ሁሉ ኀዘንተኛ፥ መዝሙር የዘመረ ሁሉ ጻድቅ ነው ብሎ መፍረድ አይገባም። ዜማ አንድ ምስክር ነው እንጂ ዳኛ አይደለም። የጆን ኒውተን ታሪክ የሚያስተምረን ይህንኑ ነው። መልካም ዜማ ያለ መልካም ሥራ ሊኖር ይችላል፤ ስለዚህ ዜማውን ከሥራው ጋር፥ የተዘመረውንም ካልተዘመረው ጋር አስተያይቶ መመርመር ያስፈልጋል። ደግሞም የሰውን እንጉርጉሮ አድብቶ አዳምጦ ለሐሜት ማዋል ነውር ነው። ይህን የምለው ሰውን በበለጠ ፍቅርና በበለጠ ትክክል እንድናውቀው እንጂ ገመናውን እንድንገልጥበት አይደለም።

በመምህርነቴ ዘመን አንድ ጊዜ ለተማሪዎቼ «ከቤታችሁ በቀር በሌላ ስፍራ ሰምታችሁት የማታውቁትን አንድ ዜማ ቃሉን ጽፋችሁ አምጡ» የሚል የቤት ሥራ ሰጠኋቸው። በጠዋት ሰልፍ ላይ ከሁሉ ይልቅ ድምፁን ከፍ አድርጎ የሚዘምረው ልጅ ሁሉም የሚያውቀውን የሬዲዮ ዘፈን ጽፎ መጣ። በክፍል ውስጥ ስሟ ካልተጠራ አፏን የማትከፍት አንዲት ልጅ ግን ሦስት ገጽ ሞልታ አመጣች። አያቷ ቅቤ ስትንጥ የምታንጎራጉረው ነበር። በውስጡ በድርቅ ዘመን የሞቱ ልጆች ስም በተራ ተቈጥሯል። ልጅቱ የእነዚያን የማታውቃቸውን አክስቶችና አጎቶች ስም በቃሏ ይዛ አድጋለች። የዝምታዋን ምክንያት፥ ለታናናሾቿም የነበራትን የእናት ያህል ጥንቃቄ ያን ዕለት ተረዳሁ። ከዚያ በኋላ በማንኛውም ክፍል ባስተማርሁ ጊዜ ይህን የቤት ሥራ አላስቀረሁትም። የልጆቹ መዝገብ የማይነግረኝን ይነግረኝ ነበርና።

ስለዚህ ውድ አንባቢ፥ ሁለት ነገር እለምንሃለሁ። መጀመሪያ፥ ሰውን ባንድ በታወቀለት ነገር ብቻ አትመዝነው። አንዱን በአንድ መልካም ሥራው ከፍ አድርገን፥ ሌላውን በአንድ ጉድለቱ ዝቅ አድርገን ስንፈርድ፥ ከመዝሙር መጽሐፉ የጠቆሩትን ገጾች ብቻ ገልጠን መጽሐፉን አነበብን እንደ ማለት ነው። ሁለተኛ፥ በቤትህ ሽማግሌ ወይም ባልቴት ካሉ ሳይመሽ ጠይቃቸው። ስለ ጦርነቱና ስለ ረኀቡ ታሪክ የነገሩህ ይሆናል፤ ያንን ለእንግዳ ሁሉ ይናገሩታል። አንተ ግን ቡና ሲቆላ፥ ጥጥ ሲፈተል፥ እንቅልፍ እምቢ ባላቸው ሌሊት ምን እንደሚያንጎራጉሩ ጠይቅና ጻፈው። ካሴቱ ሳይጠፋ ስለ ተገኘ የእማሆይን ልብ አወቅን፤ የብዙዎቹ አያቶቻችን እንጉርጉሮ ግን በካሴት አልተቀረጸም፤ ሲሞቱ አብሯቸው ይቀበራል። መቃብሩ ከተዘጋ በኋላ የትኛውም ሊቅ ሊመልሰው አይችልም።

ከዚህም ጋር ሁላችንም ራሳችንን ብንመረምር አይጎዳንም። ሰው ሁሉ ከአጠገባችን ሄዶ፥ ሥራችን አልቆ፥ መብራት ሳይጠፋ ባለችው በዚያች ጥቂት ጊዜ ከአፋችን የሚወጣው ዜማ ምንድር ነው? ቂም ነው ወይስ ምስጋና? ምቀኝነት ነው ወይስ ናፍቆት? ሳናዜመው የምንዘለውስ ምንድር ነው? በአደባባይ የምንዘምረውን ጎረቤቶቻችን ያውቁታል። ይህንን ግን የምናውቀው እኛና ፈጣሪያችን ብቻ ነን፤ ስለዚህ በጊዜው እናድምጠው።